ፍቅር ባይር፦ ሒሳብ የማይመጣበት ኮረብታ

ወደ ጨዋታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከፍቅረኛችሁ ጋር ምንም ነገር ሳትገዙ የተቀመጣችሁት መቼ ነው? ማኪያቶ የለ፣ ስፕሪስ የለ፣ አስተናጋጁ "ምን ልታዘዝ?" ብሎ ሲቆም በጠረጴዛው ሥር ኪስ መዳበስ የለ... እንዲሁ ጎን ለጎን ቁጭ ማለት ብቻ። እኔ ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ያውም ከአገሬ ርቄ፣ ቤልግሬድ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ኮረብታ ላይ፣ የአንድ አሮጌ ምሽግ ግንብ ጫፍ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ። መልሱ አሳፈረኝ። አምስት ዓመት ሙሉ... አንድም ቀን!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቤልግሬድ ላከኝ፤ ጊዜው ጥቅምት ነበር። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ እኔና ፍቅረኛዬ እንደ ልማዳችን ካፌ ተገናኘን። መቼም ከባድ ጥያቄ የሚመጣው ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ ነው። "ለመሆኑ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?" አለችኝ። እኔም የተለመደውን መለስኩ፤ "ቤቱ ይድረስ እንጂ!" ቤቱ የምለው በየወሩ የምከፍልበትን አፓርታማ ነው። ሦስት ዓመት ከፍዬበታለሁ፤ ሕንፃው ግን ገና ከአራተኛ ፎቅ አላለፈም። እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም። "አንተ ያጨኸው እኔን ሳይሆን ቤቱን ነው" አለችና የማኪያቶዋን ሒሳብ፣ የራሷን ብቻ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆጥራ አስቀምጣ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ስትመለስ ቁርጡን ትነግረኛለህ። አለዚያ እኔ እነግርሃለሁ" አለችኝ። ወንዶች ሆይ፣ በአምስት ዓመት ፍቅር ውስጥ እንደዚያች ግማሽ ሒሳብ ያመመኝ ነገር የለም።

ቤልግሬድ ደርሼ መልእክት ብልክ ታነበዋለች፣ አትመልስም። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ደግሞ አበሌን ለቤቱ ክፍያ ልቆጥብ ስላሰብኩ እንደ ባልደረቦቼ ማታ ማታ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት መዞሩን ተውኩት። የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ፣ "እዚህ ከተማ ውስጥ ገንዘብ የማይጠየቅበት ምን ቦታ አለ?" አልኳት። ሳታስብ መለሰችልኝ፤ "ካሌመግዳን።" እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ያንን ታላቅ ቦታ ለማየት የሄድኩት ታሪክ ጠርቶኝ ሳይሆን ቋጣሪ ስለሆንኩ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ክኔዝ ሚሃይሎቫ የሚባል መኪና የማይገባበት ጎዳና አለ፤ የከተማው ወጣት ሁሉ ዘንጦ የሚንሸራሸርበት። እስከ መጨረሻው ትሄዱና አንድ አስፋልት ስትሻገሩ ፓርኩ ውስጥ ናችሁ። በር የለ፣ ቲኬት የለ፣ ፈታሽ የለ። ግራና ቀኙ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ነው። ሽማግሌዎች ቼዝ ይጫወታሉ፤ እኛ ሰፈር ዳማ ላይ እንደሚሆነው ሁሉ ከተጫዋቹ ይልቅ ቆሞ የሚመክረው ይበዛል። እናቶች በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ልክ እናቴ ቴሌቪዥኑን የምታለብሰውን ዓይነት! ትንሽ ራመድ ስል ደግሞ አንድ የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ፈንዲሻ! በትንሽ ጋሪ ላይ ትኩስ ትኩሱን እየፈነዳ ይሸጣል። ቡና የለውም እንጂ ሽታው ቁርጥ የእሁድ ከሰዓት ነው። ከቤት ክፍያው ላይ ቀንሼ አንድ ከረጢት ገዛሁ።

ፓርኩ የሚያልቅበት ምሽጉ ይጀምራል። በፊት ጠላት እንዳይሻገረው በተቆፈረው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ዛሬ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የቅርጫት ኳስና የቴኒስ ሜዳ። አጠገቡ ደግሞ የጦር ሙዚየሙ ታንክና መድፍ ተደርድሯል፤ ልጆች ጠመንጃ አፍ ላይ ፎቶ ይነሣሉ። ሙዚየሙ ውስጥ በ1999 የኔቶ ድብደባ ጊዜ የተመታው በራዳር አይታይም የተባለለት የአሜሪካ አውሮፕላን ስብርባሪ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በሰዓት ማማው ሥር ባለው በር ትገባላችሁ። ስሙ "ሳሃት ኩላ" ይባላል። ሳሃት የኛው ሰዓት ናት፤ በዐረብኛና በቱርክኛ በኩል ዞራ እዚያ ድረስ ሄዳለች። እንዲህ ያለ የቃል ዘመድ ባዕድ አገር ስታገኙ ሰላም በሉኝ በሉኝ ይላችኋል።

ካሌመግዳን ራሱ የቱርክ ስም ነው። ካሌ ምሽግ፣ ሜይዳን ሜዳ፤ የምሽጉ ሜዳ ማለት ነው። ኮረብታውን ደግሞ ቱርኮቹ ሌላ ስም ሰጥተውት ነበር። ስሙን ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ... ፍቅር ባይር! እነሱ ፊኪር የሚሉት ሐሳብን ነው፤ ባይር ኮረብታ። የሐሳብ ኮረብታ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያሰላስልበት። ለኔ ጆሮ ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማው። እውነቱን ለመናገር ከአካባቢው ሁኔታ የሚሄደውም የኛው ትርጉም ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የግንቡን ጫፍ ብታዩት! ጥንድ፣ ጥንድ፣ ጥንድ... ልክ ሽቦ ላይ እንደተደረደሩ ወፎች። አንድ ጠርሙስ ለሁለት ይዘው፣ ፈንዲሻ ወይም የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ፣ እግራቸውን ወደ ወንዙ አንጠልጥለዋል። አስተናጋጅ የለም። "ሌላ ምን ይጨመር?" የሚል የለም። በግራ በኩል የሳቫ ወንዝ ከስሎቬንያ ጀምሮ አገር አቋርጦ ይመጣና እግራችሁ ሥር ዳኑብ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ያልቃል። ዳኑብ ግን ከጀርመን ተነሥቶ፣ ቪየናንና ቡዳፔስትን አልፎ፣ ሳቫን ተቀብሎ ወደ ጥቁር ባሕር ይቀጥላል። ሁለቱ ውኃዎች የሚገናኙበት ላይ ሰው የማይኖርበት ትልቅ ደን ለበስ ደሴት አለ። ስሙ ታላቁ የጦርነት ደሴት ነው፤ ነዋሪዎቹ ግን ወፎች ናቸው።

እኔም ክፍት ቦታ ፈልጌ በነዚያ ጥንዶች መካከል ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሰው ብቸኝነቱን ማወቅ ከፈለገ ካሌመግዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻውን ይሂድ።

በሚቀጥሉት ቀናት ከሥልጠና ስወጣ እግሬ ወደዚያው ነበር። የምሽጉን ታሪክም ከየሰሌዳው እያነበብኩ ለቃቀምኩ። መጀመሪያ የሮማውያን የጦር ሰፈር ነበር፤ ከተማዋን ሲንጊዱኑም ይሏት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰርቦቹ ገዢ ስቴፋን ላዛሬቪች ዋና ከተማው አድርጓት ምሽጉን አጠናከረ። ቁስጥንጥንያን በ1453 የያዘው ሱልጣን መሕመድ ሁለተኛ በ1456 መጥቶ ከበባት፤ የሃንጋሪው ጦር አዛዥ ሁንያዲ መከተው። በ1521 ግን ሱልጣን ሱሌይማን ወሰዳት። በ1717 ኦስትሪያኖች ቀሟቸው፣ በ1739 ቱርኮቹ መለሷት፣ እንደገና ኦስትሪያ፣ እንደገና ቱርክ... እንዲያው ቁልፍ እንደ ኳስ! ከተማዋ ከአርባ ጊዜ በላይ ፈርሳ ተሠርታለች ይላሉ። በመጨረሻ በ1867 ቱርኮቹ የምሽጉን ቁልፍ ለሰርቢያው ልዑል ሚሃይሎ አስረክበው ወጡ።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በከተማውና በምሽጉ መካከል ያ ሁሉ ሜዳ ባዶ የኖረው የሚመጣው ጠላት ቁልጭ ብሎ እንዲታይ፣ ለመድፍም እንዲመች ነበር። ዛፍ መትከል ማለት ለጠላት መደበቂያ መስጠት ነው። ቁልፉን በተረከቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ1869 ጀምሮ፣ ሜዳውን ዛፍ ይተክሉበት፣ መንገድ ያወጡበት ጀመር። ጦርነት አለቀ ብለው ግን አይደለም። ያንኑ ግንብ በ1914 የኦስትሪያ መርከቦች ከወንዙ ላይ ደበደቡት፤ ከተማዋን በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ የ1999ኙን ነግሬያችኋለሁ። ዛፎቹ ግን አሉ። ሥራቸውም አግዳሚ ወንበር፣ እዚያም ላይ... ይቅር፣ ወላጆችም ይህን ጋዜጣ ያነቡታል።

ስለ ሐውልቱ ሳልነግራችሁ ብቀር ግን አትምሩኝም። የግንቡ ጫፍ ላይ በረጅም ዓምድ አናት የቆመ የነሐስ ወንድ አለ፤ ከነዓምዱ 14 ሜትር ይሆናል። ስሙ ፖቤድኒክ ነው፣ ድል አድራጊው። በአንድ እጁ ጭልፊት፣ በሌላው ጎራዴ ይዟል። ሌላ የያዘው ነገር የለም፤ የለበሰውም የለም። ዕርቃኑን ነው! ኢቫን ሜሽትሮቪች የሠራው ይህ ሐውልት መጀመሪያ የታሰበው ለከተማው መሐል አደባባይ ነበር። ታዲያ ነዋሪው ጮኸ። "እመቤቶችና ልጃገረዶች በሚያልፉበት ራቁቱን ሰው?" ተባለ። ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጣ። በ1928 መላ ተገኘለት፤ ሰው ወደሌለበት ምሽግ ወስደው ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ጀርባውን ወደ ከተማው አድርገው አቆሙት። ዛሬ በጨዋነት ስም የተባረረው ሰውዬ የከተማዋ ዋነኛ ምልክት ሆኗል፤ ፍቅረኛሞችም የሚቃጠሩት እሱ ሥር ነው።

ይህን ስታነቡ "እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ካላችሁ ስድስት ኪሎ ሂዱ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን ነሐስ ቅርጾች የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ሥራው በ1955 ያለቀ ሲሆን አውጉስቲንቺች የዚያው የፖቤድኒክ ቀራጭ የሜሽትሮቪች ተማሪ ነበር። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ ቲቶ በ1955 አዲስ አበባ መጡ፤ በ1961ም የገለልተኛ አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ ቤልግሬድ ሲደረግ ጃንሆይ ተገኝተዋል። በዚያ ወዳጅነት ሰበብ ስንቱ ወጣት በትምህርት ዕድል ወደዚያ ሄዷል። ይህን ያነሣሁት ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከነዚያ ወጣቶች አንዱን ስላገኘሁ ነው።

በስድስተኛው ምሽት ይመስለኛል፣ እንደ ልማዴ ግንቡ ላይ ተቀምጬ የድምፅ መልእክት እቀዳለሁ። "ስሚኝ... የኔ ነገር... ማለቴ ቤቱ..." እልና አጠፋዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ፤ አጠፋዋለሁ። ለአራተኛ ጊዜ ላጠፋ ስል ከጀርባዬ ጥርት ባለ አማርኛ፣

"ኧረ ላከው ልጄ! እኛም አብረን ተጨነቅን!"

ከግንቡ ልወድቅ ነበር። ዞር ስል ሽበታቸው የተንዠረገገ አንድ አበሻ አባትና አንዲት ነጭ እናት ቆመዋል። ሴትየዋ ሁለት ትናንሽ ትራሶች ታቅፈዋል። ሰውየው ሳቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በተማሪነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እንደ አገር ቤት ወግ "ጋሼ" አልኳቸው፤ ስም መጥቀስ ስለማያስፈልግ ለእናንተም ጋሼ ይሁኑላችሁ። ባለቤታቸው ደግሞ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ እያሳዩ በቁጣ ይናገሩኛል። ጋሼ ተረጎሙልኝ፤ "ድንጋይ ላይ እንዲህ ከተቀመጥክ ብርድ ይመታሃል እያለች ነው።" እንዴት እንደሳቅኩ! ለካ እዚያም ብርድ ይመታል። በመስኮትና በበር መካከል የሚያልፈውን ነፋስ "ፕሮማያ" ይሉታል፤ ያልያዘው በሽታ የለም። ታክሲ ውስጥ "መስኮቱን ዝጉልን!" የምትሉ እናቶቼ፣ ቤልግሬድ ውስጥ እህቶች አሏችሁ። በግድ አንደኛውን ትራስ ሰጡኝና እነሱ በአንዱ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ጋሼ ነገሬን በአምስት ደቂቃ አወጣጡኝ። ስለ ቤቱም ነገርኳቸው፤ ሦስት ዓመት የከፈልኩትን፣ አራተኛ ፎቅ የቆመውን። አላቋረጡኝም። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው አንድ ነገር አሏቸውና ሁለቱም ፈገግ አሉ። ደስ የሚል ፈገግታ ግን አልነበረም።

"እኛም ቤት ነበር የምንጠብቀው" አሉኝ። "ሰባት ዓመት አጠራቀምን። ቤት እንግዛ፣ ከዚያ እንጋባለን እያልን። እሷ አስተማሪ፣ እኔ ፋብሪካ። 1993 ሲመጣ ዲናሩ አበደ። ጠዋት ደሞዝ ትቀበላለህ፣ ማታ ዳቦ አይገዛም። ደሞዝ እንደተከፈለን ሮጠን ወደ ሱቅ ነበር። አምስት መቶ ቢሊዮን ዲናር የሚል አንድ ወረቀት አትመው አወጡ። አንድ ወረቀት! ዜሮውን ስትቆጥር ዓይንህ ይዞራል። ያ የሰባት ዓመት ገንዘባችን..." ከረጢቴ ውስጥ እጃቸውን ከተው አንዲት የፈንዲሻ ፍሬ አወጡ። "ይህችን አይገዛም ነበር።"

እኔ ያንን የ1993 የዋጋ ንረት ስሙን ሰምቼዋለሁ፤ በዓለም ታሪክ ከከፉት ንረቶች አንዱ ነው፤ በ1994 መግቢያ ላይ አዲስ ዲናር እስኪወጣ ድረስ ሰው ዕቃ በዕቃ ይለዋወጥ፣ በጀርመን ማርክ ይገበያይ ነበር። ግን የቁጥር ነገር ከሰው አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?" አልኳቸው።

"ምን እናደርጋለን? ካፌ አንችል፣ ሲኒማ አንችል። ማታ ማታ እዚህ ነበር የምንመጣው። ከተማው ውስጥ ዋጋው ያልጨመረ እሱ ብቻ ነበራ! አንድ ቀን እዚሁ ቁጭ ብለን፣ ያኔም ይህን ትራስ ይዛ፣ 'አሁንስ ምን ቀረን የምንጠብቀው?' አለችኝ። በዚያው ክረምት ተጋባን። ቀለበቱን ጓደኛዬ አበደረኝ።"

"አበደረዎት?"

"ለአንድ ቀን። ማታ መለስኩለት።"

ሚስታቸው አማርኛ ባይሰሙም የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሱ ያወቁ መሰለኝ። ባዶ ቀለበት ጣታቸውን አሳዩኝና ከት ብለው ሳቁ። ቀለበቱን ከዚያ በኋላም አልገዙም።

ልብ በሉ፣ ቤት አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ኪራይ እንዴት እንደሚጨምር እኔም አውቃለሁ፤ አከራይ ያላት ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። ክፍያዬንም አላቆምኩም። ግን በዚያች ምሽት ሆቴሌ ገብቼ ሳሰላ፣ እኔ ለአምስት ዓመት ሒሳብ ስሠራ የነበረው ድፍረት ስላጣሁ መሆኑ ታየኝ። ሽማግሌ ለመላክ ቤት አያስፈልግም። ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

እሁድ ጠዋት ጋሼና ባለቤታቸው ሩዢጻ ወደምትባለው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። በምሽጉ ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ሐረግ የለበሰች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ናት። በሩ ላይ ሁለት የብረት ወታደሮች ቆመዋል፤ አንዱ የጥንት ባለጦር፣ ሌላው የአንደኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የመብራቱ መስቀያ ያብረቀርቃል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጥይት ነው! የተተኮሰ ጥይት ቀለህ፣ ከጎራዴ ጋር ተጣምሮ፤ የሳሎንቄ ግንባር ወታደሮች የሠሩት። ሻማ ደግሞ በሁለት ቦታ ነው የሚበራው፤ ላይኛው ለሕያዋን፣ ታችኛው ለሞቱት። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ታች አበራሁለት። ላይኛው ጋ ስደርስ አንድ ሻማ ብቻ ነበር የቀረኝ። ለማን እንዳበራሁት ከነገርኳችሁ ጨዋታው ይበላሻል።

ከሥሯ የቅድስት ፔትካ ጸሎት ቤት አለ። እዚያ የሚፈልቀው ምንጭ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጠበል ነው። በተለይ ሴቶች ለዓይን ሕመም እያሉ በላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳሉ። የፍቅረኛዬ እናት ዓይናቸውን ያማቸዋል። ግማሽ ሊትር ቀዳሁ። የሚከተለውን ምክር ለተጓዦች ልስጥ፤ ውኃውን በእጃችሁ ይዛችሁ አውሮፕላን ለመግባት እንዳትሞክሩ፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ አልብሳችሁ ክተቱት።

ሌላም ምክር ልጨምር፣ ይህ አምድ የምክር አምድ አይደል? ግንቡ ብዙ ቦታ ላይ አጥር የለውም፤ ከፍታውም የዋዛ አይደለም። ፎቶ ለመነሣት ወደኋላ መራመድ፣ ጠጥቶ ጫፍ ላይ መቆም ሞት ነው። ሴቶች ረጅም ተረከዝ ተዉት፤ መንገዱ ኮረኮንች ድንጋይ ነው። በመከርና በክረምት ኮሻቫ የሚባል ነፋስ አለ፤ አንድ ጃኬት ለሁለት ይበቃናል የምትሉ ፍቅረኛሞች ራሳችሁን አታታልሉ። የጦር ሙዚየሙና እዚያው ግቢ ያለው፣ በ1936 የተከፈተው መካነ አራዊት ያስከፍላሉ። "የሮማውያን ጉድጓድ" የሚባለውን ደግሞ ስሙን ሰምታችሁ አትጓጉ፤ 60 ሜትር ይጠልቃል፣ ግን ሮማውያን አላዩትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያኖች ናቸው ያስቆፈሩት።

ታች ወንዙ ዳር ያለውን ግንብ ግን እንዳትዘሉት። ስምንት ማዕዘን ያለው ወፍራም ግንብ ነው፤ በ1460 አካባቢ ተሠርቶ፣ በኋላ ቱርኮቹ እስር ቤት አደረጉት። ለግሪክ ነፃነት የተነሣው ሪጋስ ፌሬዮስ በ1798 እዚያ ተገደለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ስሙ ኔቦይሻ ይባላል። ትርጉሙን ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"የማይፈራ" አሉኝ። ከዚያ አየት አደረጉኝ። "አንተ ግን የማን ልጅ ነህ?"

የመጨረሻው ምሽት። ፖቤድኒክን ከጀርባው ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። (ከፊቱ ብልክ ይታያችሁ!) ምንም አልጻፍኩም። አነበበችው። አሁንም ዝም ትላለች ብዬ ስልኩን ኪሴ ልከት ስል ነዘረ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው፤

"መግቢያው ስንት ነው?"

ታውቀኛለቻ! ሳልዋሽ መለስኩ፤ "ነፃ ነው።"

"ለዚህ ነዋ የወደድከው።"

ደወልኩላት። አነሣች፣ ግን አትናገርም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ከጎኔ ጋሼና ባለቤታቸው እንዳልሰሙ ሆነው ወንዙን ያያሉ። ያንን ስቀዳና ሳጠፋ የከረምኩትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። "ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ነው ያለው፤ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም" አልኳት። "አጎቴን አሁን አናግሬዋለሁ። የሰፈሩን መምህርና የአባቴን ጓደኛ ይዞ ቅዳሜ ሊመጣ ይችላል። አንቺ እሺ ካልሽ። ካላልሽም... ለእናትሽ ጠበል ይዣለሁ፣ እሱን በሰው እልካለሁ።"

ዝም አለች። አንድ የጭነት ጀልባ መብራቱን አብርቶ ከሳቫ ወጥቶ ዳኑብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዝም አለች።

"ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?" አለችኝ።

"አራት ሰዓት።"

"አባባ አራት ሰዓት ቤት አይደለም። ስምንት ሰዓት በላቸው" ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባለቤታቸው ግን ተነሥተው ፊቴ ቆሙና በቋንቋቸው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ምርቃት ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ጋሼ ሳቃቸውን ይዘው ተረጎሙልኝ፤

"ነገ የሚሄድ ከሆነ ትራሴን ይመልስልኝ ነው የምትለው።"